ባይመጣስ ኖሮ? ሰባት ቀን በምዕራብ ኬንያ

ቀን 1፦ ከናይሮቢ ወደ ኪሱሙ

የሥራ መደቤ «የክትትልና ግምገማ ባለሙያ» ይባላል። ሲያወሩት ያምራል። ዓመቱን ሙሉ የምሠራው ግን ሠንጠረዥ መሙላት ነው። ስንት ሰው ሠለጠነ? ስንት የውኃ ቦኖ ተሠራ? ስንት ተጠቃሚ ጋ ተደረሰ? ይቺ «ተደረሰ» የምትባል ቃል እንጀራዬ ናት። ለጋሾች ይወዷታል። እኔም እወዳታለሁ፤ ለመቁጠር ትቀላለቻ።

ያለፈው ሪፖርቴ ላይ አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት መስመር ጫር አድርጋ መለሰችልኝ። «ፕሮጀክቱ ባይመጣስ ኖሮ?» በቃ፣ ሌላ አስተያየት የለም። ቀናት ሙሉ ስብሰለሰል ከረምኩ። የሰዎቹ ገቢ ጨምሯል፣ እሺ። ግን ዝናቡም ጥሩ ነበር፣ መንገድም ተሠርቷል፣ የእህል ዋጋም ወጥቷል። እኛ ባንሄድስ አይጨምርም ነበር?

ስለዚህ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩና ይህች ጥያቄ ደጋግማ ወደተጠየቀችበት አገር መጣሁ። ማይክል ክሬመር የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በወጣትነቱ እዚሁ ካካሜጋ አካባቢ አስተማሪ ነበር። በ1990ዎቹ (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተመልሶ መጣና ከባልደረቦቹ ጋር ዕርዳታን እንደ መድኃኒት መፈተሽ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለሁሉም በአንዴ ማዳረስ ካልተቻለ ማን ቀድሞ እንደሚያገኝ ዕጣ ይወስን፤ ከዚያ ያገኘውንና ገና ያላገኘውን ማነጻጸር ነው። በ2019 ከአቢጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ።

አውቶቡሱ ጠዋት ተነሳ። ከናይሮቢ ወጣ እንዳልን መሬቱ ድንገት ይከፈትና የስምጥ ሸለቆው ከታች ይታያል፤ ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ናኩሩ ላይ እግራችንን አፍታታን። ኬሪቾ ስንደርስ ሻይ ቅጠሉ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። እኔ ግን የሙያ በሽታ ሆኖብኝ የማየው የፕሮጀክት ታፔላ ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር የለጋሽ ዓርማ ያለበት የብረት ሰሌዳ አለ፤ አንዳንዱ ቀለሙ ለቆ፣ አንዳንዱ ጎብጦ። ከሰሌዳው ኋላ ፕሮጀክቱን ብፈልግ ብዙ ጊዜ አይታየኝም። የመጨረሻ ሪፖርቱ ላይ ግን «ተጠናቋል» እንደሚል እርግጠኛ ነኝ። እኔም እንደዚያ ጽፌ አውቃለሁ።

ቀን 2፦ ኪሱሙ

ሞቀኝ። ቪክቶሪያ ሐይቅን አየሁ፤ ዳርዳሩን እንቦጭ አልብሶታል። ከጓደኛዬ ጋር ተገናኘን። ለብዙ ዓመታት በዚህ አካባቢ መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። በወረቀት መጠይቅ ጀምሮ በታብሌት ጨርሷል። ሉኦኛም ስዋሂሊም ይናገራል፤ ያለእሱ እኔ ዲዳ ነኝ።

«እዚህ አገር ሰው መጠይቅ ለምዷል» አለኝ። «ታብሌት ይዘህ ከመጣህ ወንበር ያመጡልህና ራሳቸው ይጀምራሉ። ስንት ልጅ፣ ስንት ዶሮ፣ ትናንት ማታ ምን በላችሁ።» ከዚያ ሳቀ። «ውጤቱን ተመልሶ የነገራቸው ግን ብዙም የለም።»

ይቺን ማስታወሻዬ ላይ አሰመርኩባት።

ቀን 3፦ ሳውሪ

በቡሲያ መንገድ በማታቱ (ሚኒባስ) እስከ ያላ፣ ከዚያ በቦዳቦዳ ሞተር ወደ ሳውሪ። መንደሩ በዕርዳታው ዓለም ስመ ጥር ነው። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጄፍሪ ሳክስ ይመራው የነበረው የሚሊኒየም መንደሮች ፕሮጀክት የመጀመሪያ መንደር ነበር። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ክሊኒክ፣ አጎበር፣ የትምህርት ቤት ምገባ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ድህነትን ከአንድ አቅጣጫ ሳይሆን ከዚህም ከዚያም መምታት ነበር ሐሳቡ። በ2015 ተዘጋ።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በር ላይ ተቀበሉን። «ካሪቡ» ብለው ወንበር ሰጡን። የፕሮጀክቱን ጊዜ ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካል። በቆሎው ቤት አልበቃው ብሎ ነበር አሉ። ክሊኒኩን በጣታቸው አሳዩን፤ አሁንም ይሠራል።

«ታዲያ ሠርቷል ማለት ነው?» አልኳቸው።

«እኛ ጥሩ ነበር እንላለን። ያላ ያለው ወንድሜ ግን እሱም ስልክ ገዝቷል፣ የእሱም ልጆች አድገዋል።»

የፕሮጀክቱ ጭቅጭቅ በሙሉ በዚህች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። ፕሮጀክቱ በፊትና በኋላ እያለ መንደሩን ከራሱ ጋር ሲያወዳድር ነበር። ሁለት ኢኮኖሚስቶች፣ ማይክል ክሌመንስና ገብርኤል ዴሞምባይንስ፣ በ2011 ከመንደሩ ውጭ ያለው ገጠር በዚያው ጊዜ ምን ሆነ ብለው አዩ። ውጭ ያለውም ተለውጦ ነበር። ስልክ በየቦታው ገብቷል። የኬንያን የሕፃናት ሞት እንኳ ብታዩ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2003 ጥናት ከ1,000 ልጆች 115 ነበሩ፤ በ2008/09 ጥናት 74። ይህ እንደ አገር ነው፤ ማንም መንደር አልመረጠለትም። በ2012 ደግሞ ፕሮጀክቱ በዘ ላንሴት የሕክምና መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ በመንደሮቹ የሕፃናት ሞት ከአገር አቀፉ ሦስት እጥፍ በፈጠነ ሁኔታ ቀነሰ አለ። ተቺዎች የስሌት ስሕተት አገኙበት። ጸሐፊዎቹም ያንን አባባል መልሰው ወሰዱ።

ሳክስ ላይ የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስቅም። የበቆሎው ምርት መጨመሩ ሐሰት አይደለም፣ ክሊኒኩም በዓይኔ ያየሁት ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ሁሉ ገንዘብና ያን ሁሉ ልፋት አፍስሰው መጀመሪያ ላይ ሌሎች መንደሮችን በዕጣ ለንጽጽር ቢያስቀምጡ ኖሮ፣ እኚህ መምህር ዛሬ በወንድማቸው ስልክ ባልተከራከሩን ነበር።

ማታ ጀርባዬን ያመኝ ጀመር። የቦዳቦዳ ነገር።

ቀን 4፦ ሲያያ፣ የቆርቆሮው ቀን

ዛሬ ረጅም ቀን ነበር፤ የወደድኩትም ይሄንኑ ነው።

በሲያያ ካውንቲ ገጠር ውስጥ አንድ ለየት ያለ ሙከራ ተደርጓል። ጥሬ ገንዘብ፣ ያለምንም ግዴታ። ሥልጠና የለም፣ ዘር የለም፣ ኮፍያና ቲሸርት የለም። 653 መንደሮች ተመዘገቡና የትኞቹ እንደሚያገኙ በዕጣ ተለየ። በተመረጡት መንደሮች ቤቱ የሣር ክዳን የሆነ ሁሉ ወደ 1,000 ዶላር የሚጠጋ፣ በጊዜው 87,000 የኬንያ ሽልንግ፣ በስልኩ ደረሰው። በአጠቃላይ ከ10,500 በላይ ቤተሰብ። መስፈርቱ ሣር ክዳን የሆነው የድሃ ምልክት ስለሆነና ከመንገድ ቆሞ ስለሚታይ ነው።

አንዲት እናት ቤት ገባን። ጣሪያቸው አሁን ቆርቆሮ ነው። «ዝናብ ሲመጣ ልጆቹን አንስቼ ከጥግ ጥግ ነበር የማዞራቸው» አሉን በጓደኛዬ አፍ። «አሁን ዝናብ ሲመጣ ድምፁን እሰማለሁ፣ እተኛለሁ።» በተረፈው ፍየል ገዝተዋል። ፍየሏ ሞተች። ይህንን ሲናገሩም ይስቃሉ። እኔ ብሆን ሪፖርቱ ላይ ፍየሏን አስቀራት ነበር።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ጎረቤት ቆመው ያዩናል። ሰላም ስንላቸው ወዲያው እሮሮ ጀመሩ። እሳቸው አልደረሳቸውም። ለምን? ቤታቸው ያኔም ቆርቆሮ ነበር። «በላቤ ለፍቼ ቆርቆሮ ስለመታሁ ነው የተቀጣሁት! ሰነፍ ብሆን ኖሮ አገኝ ነበር።» እውነታቸውን ነው፤ ምን ይባላል? ዝም ብዬ ሰማሁ። እያወሩ ሳለ ሥራቸውን ጠየቅኳቸው። አናጺ ናቸው። ያን ጊዜ ሥራ እንዴት ነበር አልኳቸው።

«ውይ፣ ያኔማ!» አሉ። «የዚህን ቤት ጣሪያ እኔ ነኝ የመታሁት። ያንንም። ያ ማዶ ያለውንም። ረዳት ሁሉ ቀጥሬ ነበር።»

ጓደኛዬ ዞር ብሎ አየኝ። ጥናቱ ያገኘው ትልቁ ነገር ይሄ ነዋ። ገንዘቡ የተቀበለው ሰው ቤት አልቀረም። ወደ አናጺው፣ ወደ ሱቁ፣ ወደ ወፍጮው ሄደ። ያልተቀበሉትም ጎረቤቶች ለፍጆታ የሚያወጡት ገንዘብ ጨመረ፤ አጥኚዎቹ ሲያሰሉት የገባው እያንዳንዱ ዶላር በአካባቢው ኢኮኖሚ ላይ ወደ 2.5 ዶላር ገደማ አንቀሳቀሰ። ዋጋ ይንራል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ የጨመረው ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው።

እስቲ አስቡት። እኔ ታብሌት ይዤ መጥቼ ሰውየውን «ከፕሮጀክቱ ተጠቅመዋል?» ብላቸው መልሳቸው «በፍጹም!» ነው። የቆጨው ሰው ቂሙን ነው የሚመልስልህ። ያገኙትን ለማወቅ ቀኑን ሙሉ ምን ሠርተው ምን እንዳገኙ መቁጠር ነበረብኝ፤ ዕርዳታው የሚባለውን ቃል ሳላነሳ።

ማታ ደግሞ ጓደኛዬ የቪክቶሪያ ሐይቅን ባሕረ ሰላጤ ማዶ ታሪክ አጫወተኝ። ሆማ ቤይ ላይ በ2015 አካባቢ ይኸው ዓይነት ገንዘብ ሲመጣ ከተመረጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ፣ ግማሽ ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው፣ አንቀበልም አሉ። ነፃ ገንዘብ የለም፣ የሰይጣን ነው፣ በኋላ ልጆቻችንን ይወስዳሉ የሚል ወሬ ተነዛ። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ቆም ብዬ ሳስበው ሳቄ ጠፋ። የማታውቀው ሰው ከባሕር ማዶ ያለምንም ምክንያት የዓመት ገቢህን ልስጥህ ቢልህ መጠርጠርህ ነው ሞኝነት?

ቀን 5፦ ቡሲያ

ቡሲያ የድንበር ከተማ ናት። ወዲህ ኬንያ፣ ወዲያ ኡጋንዳ። የጭነት መኪናው ሰልፍ ማለቂያ የለውም። አቧራውን አልናገርም።

ጥያቄዋ ጥርስ ያወጣችው እዚህ ወረዳ ነው። መጀመሪያ ክሬመርና ባልደረቦቹ የመማሪያ መጽሐፍን ፈተኑ። ለትምህርት ቤቶች መጽሐፍ በነፃ ታደለ። መቼም ይህን የሚቃወም የለም። ውጤቱ ሲታይ ግን የተማሪው አማካይ ነጥብ አልተነሳም። የጠቀመው ቀድሞውኑ ጎበዝ ለሆኑት ብቻ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ለብዙዎቹ ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። መጽሐፍ ማደሉ «ተደረሰ» ይባላል፣ ማንበብ መቻሉ ሌላ ነገር ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ የማስተማሪያ ሥዕሎችም ተፈትነው ነበር። ሥዕሉ ያላቸውንና የሌላቸውን ትምህርት ቤቶች ዝም ብለህ ካወዳደርክ ያላቸው ይበልጣሉ። በዕጣ ሲሰጥ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ቀድሞውንም ሥዕል ያላቸው በሌላውም ነገር የተሻሉ ትምህርት ቤቶች ስለነበሩ ነው።

ቀጥሎ የሆድ ትል መድኃኒት መጣ። 75 ትምህርት ቤቶች፣ ከ30,000 በላይ ተማሪዎች። በሦስት ምድብ 25፣ 25፣ 25። የመጀመሪያው በ1998፣ ሁለተኛው በ1999፣ ሦስተኛው በ2001 ጀመረ። ሁሉም ያገኛል፤ ልዩነቱ ተራው ነው። መቅረትን የቆጠሩት ከመምህሩ መዝገብ አይደለም፤ ሳይነግሩ ክፍል ገብተው ልጅ በልጅ ነው። (መዝገብ የያዘ ሰው ይህን ይረዳል። ጎብኚ የሚመጣ ቀን ክፍል ሁልጊዜ ሙሉ ነው።) መቅረት በሩብ ያህል ቀነሰ። መድኃኒቱን ያልዋጡትም ልጆች ጤናቸው ተሻሻለ፤ ትሉ የሚተላለፍ ነገር ስለሆነ። የፈተና ነጥብ ግን ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ቆርጠው የሚያወሩ አሉ። በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና ሲያሰሉት ስሕተቶች ተገኙ፤ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤቶች ይደርሳል የተባለው ጥቅም በተጻፈው ልክ አልሆነም። ትልቅ ጠብ ተነሣ፤ «የትሎች ጦርነት» እስከመባል ደረሰ። እኔን የገረመኝ ግን መጣላታቸው አይደለም፤ መጣላት መቻላቸው ነው። መረጃው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ስሕተቱ ተገኝቷል፣ ተነግሯል። የእኔን ኤክሴል ማን ከፍቶት ያውቃል?

ልጆቹንም አልተዋቸውም። አድገው፣ አግብተው፣ ናይሮቢ ገብተው፣ ኡጋንዳ ተሻግረው ሳለ እየተከታተሉ ጠየቋቸው። ከ20 ዓመት በኋላ ቀድመው መድኃኒት ያገኙት የሰዓት ገቢያቸው በ13 በመቶ ይበልጥ ነበር። ጓደኛዬ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ሰው ሲፈልጉ እንዴት እንደሚሠሩ ነገረኝ፤ የእናት ስም፣ የቤተ ክርስቲያን ስም፣ የአጎት ስልክ። ፖሊስ እንኳ እንዲህ አይፈልግም።

ማታ ድንበሩ አጠገብ ተቀምጠን ተከራከርን። እሱ በዚህ ዘዴ ያምናል። እኔ የአንገስ ዲተንን ነገር አነሳሁ፤ እሱም የ2015 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ ነው፣ አንድ ቦታ የሠራ ነገር ሌላ ቦታ ለምን እንደሚሠራ ካላወቅን ዕጣው ብቻውን ብዙ አይነግረንም ባይ ነው። 1998 ደግሞ በኤል ኒኞ ምክንያት ዝናቡ የበዛበት ጊዜ ነበር፣ ትሉም በዝቶ ነበር። ትል ወደሌለበት ደጋ ብንወስደውስ? ጓደኛዬ የድንበሩን ኬላ በአገጩ አሳየኝና «እዚያ ማዶም አልሞከሩትም፤ ትሉ ግን ፓስፖርት የለውም» አለ። በዚሁ ሳቅን፤ ክርክሩ ግን አላለቀም።

ቀን 6፦ ምንጩና ጀሪካኑ

ጠዋት ወደ አንድ ምንጭ ወረድን። ዙሪያው በሲሚንቶ ተሠርቷል፣ ውኃው በቧንቧ ይወርዳል፣ ጭቃ የለም። እንዲህ ያሉ ምንጮችም በዚህ አካባቢ በዕጣ ተራ ተሠርተዋል። ምንጩ ላይ ሲለካ ከሰገራ የሚመጣው ባክቴሪያ በ66 በመቶ ቀነሰ። የእኔ ሪፖርት ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ፎቶ፣ ሪባን፣ 66 በመቶ። እነሱ ግን ቤት ድረስ ሄደው ጀሪካኑ ውስጥ ያለውን ለኩ። 24 በመቶ።

የቀረው የት ሄደ? እኔም ጀሪካኑን ተከተልኩ። ልጅቷ ቀዳች፣ አፉን በቅጠል ወተፈችው፣ ተሸከመች። ቤት ስትደርስ እንስራ ውስጥ ገለበጠችው። ታናሽ ወንድሟ ሮጦ መጣና ኩባያውን እስከ ክንዱ አጥልቆ ቀዳ። ጠጣ። የተረፈውን መልሶ ደፋው። በቃ፣ ጥናቱን በሁለት ደቂቃ አየሁት።

አንዳንድ የውኃ ነጥብ ላይ ደግሞ ሰማያዊ የክሎሪን ሳጥን ተተክሏል። ቁልፉን ስታዞረው ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚበቃ ክሎሪን ጠብ ይላል። ነፃ ነው። ጓደኛዬ የመሞከሪያ ብልቃጥ ይዞ ነበር፤ ውኃው ላይ ዱቄቱን ሲጨምሩበት ክሎሪን ካለው ሮዝ ይሆናል።

የመጀመሪያው ቤት። «ክሎሪን ትጠቀማላችሁ?» «አዎ፣ ሁልጊዜ!» አለች ሴትየዋ። ጓደኛዬ ብልቃጡን ነቀነቀ። ውኃው እንደነበረው ነው። ሁላችንም ብልቃጡን እያየን ቆምን። «ዛሬ ልጁ ረስቶ ነው» አለች ወደ መሬት እያየች። በጣም አፈርኩ፤ የሰው ጓዳ ገብቼ ውሸቷን ያጋለጥኩ መሰለኝ። ግን ውሸት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ከሩቅ የመጣን እንግዳ ደስ የሚለውን መልስ መስጠት ነው። እኔ ለዓመታት «አዎ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ሳደርግ የኖርኩት በዚህ ይሉኝታ ላይ ነው።

ሁለተኛው ቤት ሮዝ። ሦስተኛው ቤት አንዲት አሮጊት ገና ሳንጠይቃቸው «ሽታው አይጥመኝም፣ አልጠቀምም» አሉን። «ኤሮካማኖ» ብዬ በሉኦኛ አመሰገንኳቸው። ከልቤ ነበር።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ጓደኛዬ መመለሻ ላይ ነው የነገረኝ። በዚሁ አካባቢ በየሁለት ሳምንቱ ስለ ተቅማጥ የተጠየቁ ቤተሰቦች አልፎ አልፎ ከተጠየቁት ይልቅ ውኃቸውን በክሎሪን ወደማከሙ አዘነበሉ። መጠየቁ ራሱ ማስታወሻ ሆነባቸው። ለኪው የሚለካውን ያንቀሳቅሰዋል ማለት ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ እራት አልበላ አለኝ።

ቀን 7፦ መመለሻ

አውቶቡስ። ኬሪቾ ዝናብ ነበር።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ አለ፤ የቁጠባ ሥልጠና ለ40 መንደሮች። በጀቱ በመጀመሪያው ዓመት ለ20ው ብቻ ነው የሚበቃው፤ የቀሩት በሁለተኛው ዓመት ይገባሉ። እስከዛሬ የትኞቹ ይቅደሙ የሚለውን የምንወስነው እንዴት ነው? እውነቱን ልናገርና መንገድ ዳር ያሉት ይቀድማሉ። መኪናው ይደርሳላ። ከዚያ መንገድ ዳር ያሉት ገቢያቸው አደገ ብለን እንጽፋለን።

ለአለቃዬ ኢሜይል ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹን 20 መንደሮች በዕጣ እናውጣ፣ ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም፣ ሁሉም ያገኛል፣ መጠይቁን ግን ገና ተራቸውን ለሚጠብቁትም እናድርስ። «ተጠቅመዋል?» የሚለውን ጥያቄ እናውጣው። የደብተራቸውን ቁጠባ እንይ።

ናይሮቢ ስንገባ መብራቱ በርቷል። ስልኬ ጮኸ። መልሷ እንደልማዷ አንድ መስመር ነው።

«መንደሮቹ ፊት ቆሞ ዕጣውን የሚያወጣው ማን ነው? አንተ ነህ?»